ጸጉርሽን ማን ሠራሽ?

ሠርግ ላይ ሙሽራን «ደስ ብሎሻል ወይ?» ብሎ የሚጠይቃት ሰው የለም። ይልቅ ሴቶቹ አንድ በአንድ ጠጋ ይሉና አንገታቸውን ሰገግ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የኔ ቆንጆ፣ ጸጉርሽን ማን ሠራሽ?» ይሏታል። ይህን ያልተጠየቀች ሙሽራ ካለች ጸጉሯ አላማረባትም ማለት ነው። የእኛዋ ሙሽራ ሠርግ ደግሞ በዚህችው ጥያቄ ምክንያት ከመፍረስ ለጥቂት ነው የተረፈው።

ሙሽራዋ ጠበቃ ናት። አባቷ በጡረታ የተገለሉ ዳኛ ናቸው፤ እናቷ ደግሞ ዳኛውን ስትዳኝ የኖረች ሴት ናት። እሷም የእናቷ ልጅ ስለሆነች ችሎት ፊት ምላሷ ተይዞ አያውቅም። «ይቺ ሴትዮ ከመጣችማ ብንታረቅ ይሻለናል» ያሉ ባለጉዳዮች ብዙ ናቸው። የምታገባው ሰው ግን ጸጉር ሠሪ ነው፤ ያውም የሴት ጸጉር። ሚዶው ከደረት ኪሱ ጠፍቶ ስለማያውቅ ደንበኞቹ «ሚዶ» አሉት፣ እሱም እውነተኛ ስሙን የረሳ ይመስል «አቤት» እያለ ቀረ።

የተዋወቁት በዝናብ ነው። አንድ ጠዋት ወደ ችሎት ስትሮጥ ዝናቡ አናቷ ላይ ወረደባትና ፊት ለፊቷ ያገኘችውን ጸጉር ቤት በርግዳ ገባች። «ቶሎ ብለህ ሰው አስመስለኝ!» አለችው። እሱም ከቀኝ ጆሮዋ ኋላ፣ ጸጉሯ ውስጥ የሻጠችውን እስክሪብቶ መዝዞ ኪሱ ከተተና ሰው አስመሰላት። ከሰዓት በኋላ «እስክሪብቶዬን ረስቼ ነው» ብላ ተመለሰች። ቦርሳዋ ውስጥ አራት እስክሪብቶ ነበራት። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትመላለስ ኖረች፤ እስክሪብቶውን ግን አልመለሰላትም፣ እሷም አልጠየቀችውም።

እንግዲህ ሠርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ለሙከራ መጣች።

ሚዶ ሙሽራ የሚሠራበት የራሱ መንገድ አለው። ሙሽሮች ሁሉ ስልካቸው ላይ የሌላ ሴት ፎቶ ይዘው ነው የሚመጡት። እሱ ስልኩን ይቀበልና ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ይደፋዋል። «እሷ ተድራለች፤ አሁን አንቺን እንይ» ይላል። ቀጥሎ «ስትደነግጪ እጅሽ የት ይሄዳል?» ብሎ ይጠይቃል። አንዷ ግንባሯን ትነካለች፣ ሌላዋ ማጅራቷን። ሙሽራ ቀኑን ሙሉ ስትደነግጥ ስለምትውል እጇ የሚሄድበትን ቦታ ነጻ ይተውላታል እንጂ አበባና ጌጥ አይከምርበትም። ሠርቶ ሲጨርስ እስከ በሩ ያስኬዳትና ከኋላዋ ድንገት «ሙሽሪት!» ብሎ ይጠራታል። የሠርጓ ዕለት ሰው ሁሉ ከኋላዋ ነው የሚጠራት፤ ዞር ስትል ያልተናጋ ጸጉር እስከ ማታ አይናጋም። ይህን ጥሪ ከሰሙ ሙሽሮች ብዙዎቹ ስቀው ነው የዞሩት፣ አንዳንዶቹም አልቅሰው።

የዚያን ቀን ጸጉሯን ያጠቧት እናቱ ናቸው። እትዬ ሻምፑ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በየጸጉር ቤቱ የሰው ጸጉር ሲያጥቡ ኖረው አሁን በልጃቸው ቤት ያጥባሉ፤ ልጃቸው «ተቀመጪ» ቢላቸውም አይቀመጡም።

«ይሄን ጸጉር ሳጥበው እንዴት ደስ እንደሚለኝ!» አሉ አናቷን እያሹ። «ሕግ ሁሉ ከዚህ ውስጥ ነው አይደል?»

«ሲታጠብ እንዳይፈስ ይጠንቀቁልኝ፣ እትዬ።»

«አይፈስም፤ የሚፈሰው ቆሻሻው ነው» አሉና ሁለቱም ሳቁ።

ሚዶ ግን አልሳቀም። ከመታጠቢያው ተነስታ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ፣ በሌላ ቀን ቢሆን ጆሮዋን ቆንጠጥ የሚያደርጋት ሰው ዝም ብሎ ጸጉሯን ከፈለ። እጇ የት እንደሚሄድ አልጠየቃትም፤ ያውቀዋል። ከቀኝ ጆሮዋ ኋላ ያለችውን ቦታ ነጻ ትቶ የቀረውን ላላ አድርጎ ጎነጎነና ዝቅ አድርጎ ማጅራቷ ላይ ቋጠረው። መስታወቱ ውስጥ ዓይኑን ፈለገችው፣ አላገኘችውም። ራሷን ግን አገኘች። እንዲህ አምሮባት አያውቅም።

ተነሳችና ወደ በሩ ሄደች። አንገቷን ቀና አድርጋ ጥሪውን ጠበቀች። ጥሪው አልመጣም። አንዲት ደንበኛ ከጸጉር ማድረቂያው ካስክ ስር ሆና መጽሔት ታገላብጣለች፤ ከሱ በቀር ድምፅ የለም። በመጨረሻ ሳትጠራ ዞረች። ሚዶ ፎጣ እያጣጠፈ ነበር።

«አትጠራኝም እንዴ?»

«ጥሩ ነው፤ አይናጋም» አላት። ፎጣውን አንዴ ካጠፈው በኋላ ዘርግቶ እንደገና አጠፈው። «የሠርጉ ቀን ግን ሌላ ሰው ይሥራሽ። እናትሽ የመረጡት ጸጉር ቤት ጥሩ ነው። ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ፣ ሥራቸው ንጹህ ነው።»

«እማዬ እዚህ መጥታ ነበር?»

«መጥተው ነበር። በክብር ነው ያናገሩኝ።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«እሺ አልኳቸው። ለሁላችንም ይቀላል።»

ይቀላል! ችሎት ቢሆን ይህችን ቃል ይዛ ሰውየውን እስኪያልበው ባፋጠጠችው ነበር። እዚህ ግን ጠበቃ አይደለችም፣ ሙሽራ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ሁሉ ሙሽራ በእጁ ሲያምር እያየች፣ የእኔስ ተራ መቼ ነው እያለች የቆየችው ለዚህች ቀን ነበር። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። መንገድ ላይ አንዲት የማታውቃት ሴት «ውይ፣ ጸጉርሽ ሲያምር! ማን ሠራሽ?» አለቻት፣ እሷም መልስ ሳትሰጥ አለፈች።

ቤት ስትደርስ እናቷ ስልክ ላይ ነበረች።

«አዎ እህቴ፣ አስመጪ ነው!» ትላለች ለአክስቷ። «የውበት ዕቃ ነው የሚያስመጣው። ከውጭ ነዋ! ታዲያ ከየት ይመጣል?»

ስልኩ እስኪዘጋ በር ላይ ቆማ ጠበቀች።

«እማዬ፣ አስመጪ ማን ነው?»

«ምን አጠፋሁ? ሻምፑ አያመጣም?»

«ከማዶ ሱቅ ነው የሚያመጣው! በእግሩ!»

«ታዲያ መምጣቱ መቼ ቀረ?» አለች እናቷ። ወዲያው ግን ቁጣዋ በረደና ሶፋው ላይ ተቀመጠች፣ ልጇንም አጠገቧ አስቀመጠቻት። «ስሚኝ ልጄ። ልጁን አልጠላሁትም። ጨዋ ነው፣ ንጹህ ነው፣ ዓይኑ አይቅበዘበዝም። ግን የሠርግሽ ዕለት አዳራሽ ሙሉ ሰው 'ጸጉርሽን ማን ሠራሽ?' ሲልሽ ምን ልትይ ነው? 'ባሌ' ልትይ ነው? የአባትሽ ባልደረቦች ሚስቶች ፊት? እነሱ እኮ ፊትሽ ላይ አይስቁም፤ መኪና ውስጥ ገብተው ነው የሚስቁት። ስለዚህ ስሙ የታወቀ ቤት ትሠሪያለሽ፣ ጥያቄው ያልቃል።»

«እሱ ምን አለሽ?»

«'እንዳሉት ይሁን፣ እናቴ' አለኝ። ምንም አልተከራከረኝም።»

ልቧን የወጋት ይህ ነው። ክርክር እንጀራዋ ለሆነች ሴት ዝምታው መጠላት ሆኖ ታያት። አንዲት ቃል እንኳ አልተናገረልኝም አለች በሆዷ። እኔስ የማን ሞኝ ነኝ የምለምነው?

«እሺ» አለች።

«ምን አልሽ?» እናቷ ደነገጠችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚህች ልጅ አፍ «እሺ» የሰማችበትን ጊዜ አታስታውስም።

«እሺ አልኩሽ። የፈለግሽው ቤት ልሠራ።»

ቀሪዎቹ ቀናት በስልክ አለፉ። «መኪናው ስንት ሰዓት ይምጣ?» ይላል ሚዶ። «ስድስት ሰዓት» ትላለች። «እሺ።» «እሺ።» ስልኩን ከዘጋች በኋላ ግን ጆሮዋ ላይ እንደያዘችው ትቆያለች፤ ምናልባት መልሶ ይደውል እንደሆነ ትጠብቃለች። ናፍቆትና እልህ አንድ ላይ ሲይዙ እንቅልፍ አያስተኙም።

የሠርጉ ቀን ጠዋት ታዋቂው ቤት ገቡ። ወለሉ ያንሸራትታል፣ መስታወቱ ከወለል እስከ ጣሪያ ነው፣ የቤቱ ባለቤት ደግሞ ሁሉም «ማዳም» የሚሏት፣ መነጽሯን አናቷ ላይ የሰቀለች ሴት ናት። እዚያ ቤት የሙሽራ አሠራር በቁጥር ነው። እናቷ አስቀድማ ቁጥር ሰባትን መርጣለች።

ቁጥር ሰባት ወደ ላይ የሚሄድ ነው። ማዳም ጸጉሯን አናቷ ላይ ሰበሰበችው፣ ከውስጡ ሙሌት ከተተችበት፣ ከላይ ዶቃ ደረደረችበት፣ ከቀኝ ጆሮዋ ኋላም ትልቅ ነጭ አበባ ተከለችና ስፕሬዩን እንደ ጉም ነፋችበት። እውነቱን ለመናገር የሚያምር ሥራ ነበር። ዳሰስ ሲያደርጉት ግን ኳ ኳ ሊል ምንም አልቀረውም። እናቷ ከጎኗ ግማሽ ጸጉሯን በቢጉዲን አስጠቅልላ፣ በደስታ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ትመለከታለች።

«እንዴት ያለች ሙሽራ ናት!» አለች ማዳም የመጨረሻዋን ዶቃ እየሰካች። «ሙሽራውስ ምን ይሠራል?»

ካስክ ስር የነበሩት ሴቶች ሁሉ ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። እናቷ በመስታወቱ ውስጥ ዓይኗን አፈጠጠችባት፤ አስመጪ በይ ማለቷ ነው። ሙሽራዋ አፏን ከፈተች። ያላሰበችው ቃል ወጣ።

«የራሱ ሥራ አለው።»

ወይ ጉድ! ቃሉ ጆሮዋ ውስጥ ሲገባ ክው አለች። ይህን ከዚህ በፊት ብላዋለች። የት ነው ያለችው? መሥሪያ ቤቷ ግብዣ ላይ ነው። ሚዶ ምርጥ ሸሚዙን ለብሶ፣ ቦርሳዋን ይዞላት አጠገቧ ቆሞ ነበር። አንዲት ባልደረባዋ «እሱስ በምን ሙያ ነው?» ስትላት ለቅጽበት አፈረች። እውነቱ ይኸው ነው፤ አፈረች። «የራሱ ሥራ አለው» አለችና ወሬ ቀየረች። እሱ ፈገግ ብሎ «ውሃ ላምጣላችሁ» አለና ሄደ፣ ወደ ቤት ሲመለሱም ዝም ብሎ ነዳ። ምን ሆንክ ስትለው «ደክሞኝ ነው» አላት፤ እሷም አመነችው።

አሁን ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። እናቷ ሄዳ ስታናግረው የተናገረችው አዲስ ነገር አልነበረም። እሱ ያንን ቀድሞ ከምትወደው አፍ ሰምቶታል። ለዚህ ነው ያልተከራከረው፤ ለዚህ ነው ያልጠራት። ሳምንቱን ሙሉ ጥፋተኛ ስትለው የሰነበተችው ሰውዬ ጥፋቷን ተሸክሞላት ነበር። ፊቷ በእፍረት ነደደ፣ እጇም እንደልማዷ ከቀኝ ጆሮዋ ኋላ ሄደ። አበባው ላይ አረፈና ቅጠሉን ሰበረው።

«ኧረ አትንኪው!» አለች ማዳም።

ሙሽራዋ ተነሳች። «ሥራሽ ቆንጆ ነው፣ ማዳም። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ሙሽራው የሴት ጸጉር ሠሪ ነው። የኔን የሚሠራው እሱ ነው።»

«የት ልትሄጂ?» ጮኸች እናቷ።

«ልሠራ!»

እናቷም የአንገት ፎጣዋን ሳታወልቅ፣ በቀኝ በኩል ቢጉዲኗ እየተንቀጫቀጨ፣ ከኋላዋ መንገድ ወጣች። አላፊ አግዳሚው ቆሞ አየ። እስቲ እናንተስ ብትሆኑ አትቆሙም?

ሚዶ የሠርጉን ልብስ ሱሪ ለብሶ፣ ከላይ የሥራ ሽርጡን አድርጎ፣ የእናቱን ጸጉር ካስክ ስር አስገብቶ ቆሟል። በሩ ሲበረገድና የገዛ ሙሽራው ከነቁጥር ሰባቷ ስትገባ ሚዶው ከእጁ ወደቀ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ፍታልኝ!»

«ምን አለች?» ጮኹ እትዬ ሻምፑ፤ ካስኩ ስር ምንም አይሰማም።

«ምንም አይደል፣ እማዬ!» ጮኸ እሱም። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በጣም ነው የሚያምረው። ሠርጋችን እኮ ዛሬ ነው። ለምን ይፈታል?»

«እጄ የሚሄድበት ላይ አበባ ተከሉብኝ» አለችው። ሳቅ የለባትም። «ሚዶ፣ የመሥሪያ ቤቴ ግብዣ ላይ ያልኩትን ሰምተሃል አይደል?»

እሱ ጎንበስ ብሎ ሚዶውን አነሳና በጣቱ ጠረገው።

«መልስልኝ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ለምን አልተቆጣኸኝም?»

«ምን ብዬ ልቆጣሽ? እናቴ የሰው ጸጉር አጥባ ነው ያሳደገችኝ። በዚህ አላፍርም፣ አፍሬም አላውቅም። አንቺን ግን 'አትፈሪ፣ አትፈሪ' ብዬ በግድ እንድትኮሪብኝ ላደርግሽ ነው?» አሁን ዓይኗን አያት፤ የሱም ዓይን ቀልቷል። «እናትሽ ሲመጡ 'እሷም ከልቧ የምትፈልገው ይህንኑ ይሆናል፣ መናገሩ ጨንቋት ነው' አልኩ። እንግዲህ እኔ ወደኋላ ብል አንቺ ቀና ብለሽ ትሄጃለሽ ብዬ ነው። እንድወድሽ እንጂ እንዳሳፍርሽ አይደለም የማገባሽ።»

«ምን አለ?» ጮኹ እትዬ ሻምፑ።

ሙሽራዋ ሄደችና ካስኩን ከአናታቸው ላይ አነሳችው። «እርስዎም ይስሙኝ፣ እትዬ። ለሁለታችሁም ነው የምናገረው።» ስትናገር ድምፇ ችሎት ፊት እንደሚሆነው ጠራ። «በልጅዎ አፍሬ ነበር። አንድ ቀን፣ ለአንዲት ሴትዮ ወሬ ብዬ። እሱን አሳምሜዋለሁ፣ እርስዎንም አሳንሻለሁ። ይቅር በሉኝ። ዛሬ አዳራሽ ውስጥ 'ጸጉርሽን ማን ሠራሽ?' ያለኝን ሰው ሁሉ ጮክ ብዬ እመልስለታለሁ። አንተ ካልሠራኸኝ ደግሞ የምመልሰው የለኝም፤ ጸጉሬን እንዲሁ በትኜ እሄዳለሁ። ምረጥ!»

እትዬ ሻምፑ አንገቷን አቅፈው ሳሟት፣ የስፕሬዩ ሽታ ሲመጣባቸውም አስነጠሳቸው። «ኧረ ይሄን መርዝ ከልጄ ላይ ልጠብ!» አሉና ወደ መታጠቢያው ጎተቷት።

ሚዶ ግን ባለበት ቆሞ በሽርጡ ጫፍ ዓይኑን እየጠረገ ነበር። የደስታ እንባ ወንድን አያሳፍርም፤ ቢያሳፍርም እሱ ግድ አልነበረውም።

የሙሽራዋ እናት የደረሰችው ልጇ በሻምፑ አረፋ ተሸፍና ሳለ ነው። ለቁጣ ተዘጋጅታ ነበር የመጣችው። ነገር ግን በሩ አጠገብ ባለው መስታወት ራሷን አየች፤ ቀኙ ተጠቅልሏል፣ ግራው በንፋስ ቆሟል። እጇ አፏ ላይ ሄደ።

«እናቴ፣ ይቀመጡ» አላት ሚዶ።

«እኔ ልቀመጥ አልመጣሁም!»

«አውቃለሁ። ግን እንዲህ ሆነው አዳራሽ አይገቡም። መኪናው ሊደርስ ነው።»

እናቷ ወደ በሩ አየች፣ ወደ ግድግዳው ሰዓት አየች፣ ደግሞ ወደ መስታወቱ። ምርጫ አልነበራትም። ተቀመጠች። እትዬ ሻምፑ መጥተው ቢጉዲኑን አንድ በአንድ ይፈቱላት ጀመር፣ አናቷንም በጣታቸው ጫፍ ቀስ ብለው አሹላት።

«እመቤቴ፣ የራስ ቆዳዎ ተወጥሯል። እንቅልፍ የለዎትም እንዴ?»

«ከየት ይምጣ?» አለች እናቷ። ከዚያ ለማንም ሳይሆን ለመስታወቱ፣ «አንድ ልጅ ናት ያለችኝ። ሰው አፍ እንዳትገባብኝ ብዬ ነው እኮ።»

«እኔም አንድ ነው ያለኝ» አሉ እትዬ ሻምፑ። «ሰው አፍ ውስጥ ነው ያሳደግሁት። አልጎዳውም፤ ያው ደህና ነው፣ ይመልከቱት።»

እናቷ ተመለከተችው። ሚዶ የልጇን እርጥብ ጸጉር እያደረቀ ነበር። ልጇ፣ ያቺ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ማንም አናቷን ሲነካት የምትቁነጠነጥ ልጅ፣ ዓይኗን ጨፍና አንገቷን ለእጁ ለቅቃለች። ሚዶም ላላ አድርጎ ጎነጎነው፣ ማጅራቷ ላይ ዝቅ አድርጎ ቋጠረው፣ ከቀኝ ጆሮዋ ኋላ ግን ምንም አላደረገም። አንዲት ዶቃ የለ፣ አበባ የለ። እናቷ ስታየው ቆየች። ለዚህ ሰው አስመጪ እያልኩ ስም ሳወጣለት ነው የከረምኩት አለች በሆዷ፤ የሠራው ሥራ ግን ፊት ለፊቷ ተቀምጧል።

«እስክሪብቶዬን መልስልኝ እንግዲህ» አለችው ሙሽራዋ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ከመለስኩልሽ ምን ፍለጋ ትመጫለሽ?»

«ቤቴ አይደል እንዴ የምመጣው!»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳምንት ሙሉ ያልተሳቀ ሳቅ ነበር።

ቀጥሎ የእናቷ ተራ ሆነ። ሚዶ ከኋላዋ ቆመና እንደማንኛዋም ደንበኛ ጠየቃት። «እናቴ፣ ሲደነግጡ እጅዎ የት ይሄዳል?»

«ኧረ እኔን ተወኝ! እኔ የት አውቄው?»

«አፍዎ ላይ ነው» አላት። «ባለፈው ሲመጡም፣ አሁንም አይቻለሁ። እንግዲያው ጸጉርዎ ምንም አይሆንም፣ እንደልብ መሥራት ይቻላል።»

እናቷ ሳቋ አመለጣት፤ እጇም እንዳለው አፏ ላይ ሄደ።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ቃል ተገባ፣ ቀለበት ተደረገ፣ ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳ ደረሰ። ዳኛው ልጃቸውን ስመው ሲያበቁ ዞር ብለው አዩዋትና «ዛሬ አንቺን መሰልሽ» አሏት። ከዳኛው ይህን ያህል ቃል ማግኘት ብዙ ነው።

ከዚያ ሴቶቹ መጡ። ቀድማ የደረሰችው አክስቷ ናት፤ የወሬ ጉዳይ ከሆነ ከአክስቷ የሚቀድም የለም። ከኋላዋ የአባቷ ባልደረቦች ሚስቶች ተከታትለው መጡና ሙሽራዋንና አጠገቧ የቆመችውን እናቷን ከበቡ።

«ውይ፣ ውይ፣ እንዴት ነው ያማረብሽ! ምንም ሳይደረግበት እንዲህ የሚያምር አይቼ አላውቅም። በይ ንገሪኝ፤ ጸጉርሽን ማን ሠራሽ?» አለቻት አክስቷ።

ሙሽራዋ አንገቷን ቀና አድርጋ ትንፋሽ ሳበች። እናቷ ግን ክንዷን ያዝ አደረገቻት። እናቷ ደንግጣለች፤ እጇ አፏ ላይ ነው። ሴቶቹ ሁሉ ይጠብቃሉ። እናቷ እጇን ከአፏ ላይ አነሳችው።

«ባሏ» አለች።

«አስመጪው?» አለች አክስቷ።

«የምን አስመጪ? እኔ ነኝ አስመጪ ያልኩት፤ አፍሬ ነው። ጸጉር ሠሪ ነው። የኔንም እሱ ነው የሠራኝ» አለችና አናቷን ወደ ሴቶቹ ሁሉ ዞር ዞር አድርጋ አሳየች። «እዩታ! እስቲ ከእናንተ መሀል አማቿ ጸጉሯን የሠራላት ማን አለች?»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷን ሳል አፈናት፣ ሌላዋ ድምፇን ዝቅ አድርጋ «ጸጉር ቤቱ ወዴት ነው?» አለች። ሙሽራዋ ግን የሰማችው የለም። እናቷን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ይዛታለች፤ ልጅ ሆና ከትምህርት ቤት ስትመለስ እንደምታቅፋት ነው ያቀፈቻት። «እማዬ» ብቻ ነበር ከአፏ የወጣው።

«በይ ልቀቂኝ፤ ጸጉሬን ታበላሺብኛለሽ!» አለች እናቷ እያለቀሰች።

ሙሽራዋ እንባዋን ጠርጋ ወደ እንግዶቹ ልትሄድ ስትል ድምፅ ከኋላዋ መጣ። ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ ነበር፣ ከጭብጨባውና ከሙዚቃው በላይ። ባለፈው ሳምንት በር ላይ ቆማ የጠበቀችው፣ ያልመጣላት ጥሪ ነው። ቃሉ ግን ለሌሎቹ ሙሽሮች የሚለው ቃል አልነበረም።

«ሚስቴ!»

ደነገጠች። እጇ ከቀኝ ጆሮዋ ኋላ ሄደና ባዶ የጠበቃትን ቦታዋን አገኘ። ከዚያም በሙሉ አካሏ ዞረች፤ ከጸጉሯ አንዲት ዘለላ አልተናጋችም።